«ዋተርሉ» በ24 ነጥብ ብቻ እንዴት አሸነፈ?

ጠያቂያችን፣ የስዊድኑ ቡድን አባ እ.ኤ.አ. በ1974 የአውሮፓ አገሮች የዘፈን ውድድር የሆነውን ዩሮቪዥንን «ዋተርሉ» በተሰኘው ዘፈን ሲያሸንፍ ያገኘው 24 ነጥብ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ የዛሬዎቹ አሸናፊዎች ብዙ ጊዜ ከ500 በላይ የሚያገኙት ለምን እንደሆነ ጠይቀዋል። ልዩነቱ የመጣው ከዘፈኖቹ ጥራት ሳይሆን ከነጥብ አሰጣጡ ነው። በእንግሊዟ ብራይተን ከተማ በተካሄደው በዚያ ውድድር የ17ቱ አገሮች እያንዳንዳቸው 10 ዳኞች ነበሯቸው፤ አንድ ዳኛ የሚሰጠው አንድ ድምፅ ብቻ፣ ያውም ለሌላ አገር ዘፈን ስለነበር፣ በጠቅላላው የተከፋፈለው ነጥብ 170 ነው። ከዚያ ውስጥ 24ቱን ወስዶ ሁለተኛ የወጣችውን ጣሊያንን በ6 ነጥብ መብለጥ ቀላል ድል አልነበረም። በእኔ እምነት የኦርኬስትራው መሪ በዋተርሉ ጦርነት የተሸነፈውን ናፖሊዮንን መስሎ፣ ለብሶ መውጣቱም ሳይረዳቸው አልቀረም። የሚገርመው፣ አስተናጋጇ ብሪታንያ አንድም ነጥብ አልሰጠቻቸውም፤ ዘፈኑ ግን ብዙም ሳይቆይ በዚያው አገር የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። ከ2016 ወዲህ እያንዳንዱ አገር አንዴ በዳኞች፣ አንዴ በተመልካች ድምፅ በድምሩ 116 ነጥብ ያድላል፤ የስዊድኗ ሎሪን በ2023 ሊቨርፑል ላይ 583 ነጥብ ያገኘችው በዚህ ስሌት ነው።