የግሪክ መርከብ ለምን በላይቤሪያ ባንዲራ ይሄዳል?

ወንድሜ፣ «10 ሚሊዮን ሕዝብ ያላት ግሪክ ይህን ሁሉ መርከብ ከየት አመጣችው? ባንዲራውስ ለምን የላይቤሪያ ሆነ?» ላልከው፣ ባንዲራው ባለቤቱን አይናገርም። መርከቡ ላይቤሪያ ወይም ማርሻል ደሴቶች ይመዘገባል፤ ባለቤቱ ግን አቴንስ አጠገብ ባለችው የወደብ ከተማ፣ ፒሬየስ፣ ቢሮው ውስጥ ተቀምጧል። ግሪኮች ከዓለም መርከቦች የመጫን አቅም አንድ ስድስተኛ ያህሉን ይዘዋል።

የሚጭኑት የአገራቸውን ዕቃ እንዳይመስልህ። የብራዚል የብረት ማዕድን ወደ ቻይና፣ የባሕረ ሰላጤው ድፍድፍ ነዳጅ ወደ ሕንድ፤ ሥራቸው የሰው ዕቃ ማመላለስ ነው።

ትልቁ በር የተከፈተው በ1946 እና 47 እ.ኤ.አ. ነው። አሜሪካ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ 100 ሊበርቲ የተባሉ የጭነት መርከቦችን በርካሽ፣ ያውም በዱቤ ሸጠችላቸው። ዋሱ የግሪክ መንግሥት ነበር። የኪዮስና የአንድሮስ ደሴት ቤተሰቦች በዚያ አንሰራሩ። ከዚያ ወዲህ ዘዴያቸው ገበያው ሲወድቅ መግዛት፣ ሲጦፍ መሸጥ ሆነ። ድፍረት ይጠይቃል መቼም!

ኮንቴይነር ላይ ግን አለቆቹ እነ ሜርስክና ኤምኤስሲ የተባሉት የመርከብ ኩባንያዎች ናቸው። ግሪኮቹ እዚያ በአብዛኛው መርከብ አከራይ ናቸው።