ድምጿ የወፈረው ቦርድ

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ደወለልኝ። የውሃ ታንከር መቆጣጠሪያ 60 ቦርድ፣ ቺፕና ሌሎች እቃዎች የሚበየዱበትን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ማለቴ ነው፣ ከቻይና አዝዞ እየጠበቀ ነው። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ፕሮግራሙን ልጫን ወይስ መጀመሪያ ልፈትሽ?» አለኝ። ቀላል ጥያቄ ናት። በሁለት ደቂቃ መለስኩለትና ስልኩን ዘጋሁ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ነገሩ የቆየ ነው። በ2006 ዓ.ም. ገደማ ከአንዲት ቴክኒሻን ጋር ሆነን ለእንቁላል መፈልፈያ ማሽን መቆጣጠሪያ እንሰራ ነበር። ልጅቷ ከቴክኒክና ሙያ ገና የወጣች፣ ዝምተኛ፣ እጇ የተባረከ ነች። እሷ የበየደችውን ነጥብ በማጉያ መነጽር ብታዩት እንኳን እንከን አታገኙበትም። የመጀመሪያው ትልቅ ትዕዛዛችን 40 ቦርድ ነበር። 40 ዛሬ ለናንተ ምንም ላይመስላችሁ ይችላል። ለኛ ግን የዓመት ኪራይ ነበር።

ቦርዱ ሦስት ስራ ነበረው። ሙቀቱን 37.5 ላይ ይጠብቃል፣ ሙቀቱን በስክሪን ያሳያል፣ በየ3 ሰዓቱ ደግሞ ሞተር እያዞረ የእንቁላሉን ትሪ ወደ ሌላው ጎን ያዘነብላል። እንቁላል ካልተገላበጠ ውስጡ ያለው ጽንስ ከሽፋኑ ጋር ይጣበቃል። ዶሮዋ ራሷ ተኝታም በምንቃሯ ታገላብጣለች፣ አይታችሁ ከሆነ። አንጎሉ አትሜጋ 328 የምትባለው ቺፕ ነበረች። ውጭ ክሪስታል፣ ማለትም የስራ ምቷን በትክክል የሚቆጥር ትንሽ እቃ፣ አላደረግንላትም፣ ወጪ ለመቆጠብ። የራሷን የውስጥ ሰዓት ነው የምትጠቀመው።

እዚህ ጋ ትንሽ ታገሱኝ። ይህች ቺፕ ከፋብሪካ ስትወጣ የ8 ሜጋኸርዝ ሰዓት አላት፣ በሰከንድ 8 ሚሊዮን ጊዜ የሚመታ፣ ግን ለ8 ተካፍሎ በ1 ሜጋኸርዝ ነው የምትሰራው። ማካፈሉን የምታጠፉት «ፊውዝ» በሚባሉት ቅንብሮች ነው። ፊውዙ የሚጻፈው በአንድ ትዕዛዝ፣ ፕሮግራሙ የሚጫነው በሌላ ትዕዛዝ ነበር። ለእያንዳንዱ ቦርድ ሁለት ትዕዛዝ። ስድስቷን የፕሮግራም ሽቦ በእጅ ደግፎ፣ ትንፋሽ ይዞ፣ ኮምፒውተሩ «ተሳካ» እስኪል መጠበቅ። ከነፍተሻው አንዱ ቦርድ ስድስት ደቂቃ ይፈጅ ነበር።

ዘጠኝ ቦርድ ሲቀረን መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር አስነሳን። ደንበኛው በማግስቱ ጠዋት እመጣለሁ ብሏል። እኔ ችኩል ነኝ፣ «አንቺ ፈትሺ፣ መጫኑን እኔ እይዘዋለሁ» አልኳት። ኮምፒውተሩን ከፍቼ ሁለተኛውን ትዕዛዝ ብቻ ደጋግሜ መታሁ። ስራው ፈጠነ። እኔ ስቀመጥ እንዴት ነው የሚፈጥነው ብዬ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ። ለካ የፈጠነው ግማሹን ስራ ስለዘለልኩ ነው።

እሷ አጠገቤ ተቀምጣ ትፈትሻለች። ስክሪኑ በራ፣ ሙቀቱ ትክክል ነው፣ ሪሌው፣ በኤሌክትሪክ የሚሰራው ማብሪያ ማጥፊያ፣ «ቀጭ» አለ፣ ቁልፉን ስትጫን ሞተሩ ዞረ። ሁሉም ደህና። ቦርዱ ሲነሳ በባዘሩ፣ በትንሿ ድምፅ ማሰሚያ፣ አጭር «ጢ» ይላል። ከዚያ አንዷን ከፍ አድርጋ ያዘችና «ጋሼ፣ የዚችኛዋ ድምፅ ወፍራም ነው» አለችኝ።

«ባዘሩ የምናለሽ ተራ ነዋ» አልኩና ቀጠልኩ።

ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ይቺም» አለች። ጄኔሬተሩ ይጮሃል፣ ሰዓቱ መሽቷል፣ «ተይው ባክሽ» አልኳት። ተወችው። እንደዚያ የወጡት ዘጠኝ ቦርዶች ነበሩ።

ነገሩን አሁን ሳስበው ግልጽ ነው። ሰዓቷ 8 እጥፍ የተጎተተች ቺፕ ድምጿም 8 እጥፍ ይወፍራል። የ2,000 ኸርዝ «ጢ» የ250 ኸርዝ «ድርርር» ይሆናል። ሙቀቱ ግን አይዛባም፣ ምክንያቱም የኛ ሙቀት መለኪያ በቺፗ ሰዓት ላይ አይመረኮዝም። በየ3 ሰዓቱ መዞር ያለበት ትሪ ግን በየ24 ሰዓቱ ሆነ። እኛ ደግሞ መዞሩን በቁልፍ እንጂ በሰዓት አልፈተሽነውም። ሦስት ሰዓት ማን ይጠብቃል?

ከወር በኋላ ቢሾፍቱ ያለ ደንበኛ ደወለ። ካስገባው 500 እንቁላል የተፈለፈለው መቶ አይሞላም። ምን እንዳልኩት ልንገራችሁ? «አውራ ዶሮዎችህን ፈትሽ» አልኩት። ሰውየው አመነኝና አውራዎቹን ቀይሮ እንደገና ሞላ። ሌላ 21 ቀን። ያው ሆነ። ያን ጊዜ በጠዋት ተነስቼ ሄድኩ። ማሽኑ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጬ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ትሪውን ሳይ ዋልኩ። ንቅንቅ የለም። ሶኬቱን ነቅዬ መልሼ ሰካሁት። «ድርርር» አለ። ያን ድምፅ ስሰማ ፊቴ ጋለ።

ግን እስካሁን የሚቆረቁረኝ እሱ አይደለም። ስህተት ነው፣ ማንም ይሳሳታል። ቢሮ ተመልሼ እንዲህ ያለ ቦርድ ለደረሰው ሌላ ደንበኛ ስደውል፣ እሷ እየሰማች፣ «ልጆቹ ናቸው ያበላሹት» አልኩት። ልጆቹ! ቢሮው ውስጥ የነበረችው ልጅ እሷ ብቻ ነች። ቀና ብላ አየችኝና ብየዳዋን ቀጠለች። ወሩን ጨርሳ ለቀቀች። ለምን እንደለቀቀች አልጠየቅኳትም፣ አውቀው ነበርና።

በወጣትነቴ ፒያሳ አንድ ሽማግሌ ሬዲዮ ጠጋኝ ጋ እውል ነበር። ዝም ያለ ሬዲዮ ሲመጣላቸው መጀመሪያ ቴስተር አያነሱም። ክዳኑን ከፍተው የድምፅ ማስተካከያውን መሃለኛ እግር በጣታቸው ነካ ያደርጋሉ። «ሁምምም» ካለ የኋላው ክፍል ደህና ነው፣ በሽታው ከፊት ነው ማለት ነው። በአንድ ጣት ግማሹን ሬዲዮ ነጻ ያወጣሉ። «ስማው፣ ይነግርሃል» ይሉኝ ነበር። ከሳቸው ስር ቁጭ ብዬ የተማርኩ ሰው ነኝ እንግዲህ፣ የወፈረ ድምፅ ተነግሮኝ ያልሰማሁት።

እሺ፣ ወደ ስራው። ስለ ስታቲክ ኤሌክትሪክ፣ ስለ ተከታታይ ቁጥር አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ። የናንተ ትውልድ ከኛ ይበልጣል፣ በፓይተን ቋንቋ ፕሮግራም በአንድ ሌሊት ትጽፋላችሁ። ግን ትዕግስት የላችሁም። ሁሉን ነገር የተሰራ ገዝቶ መሰካት ነው የምትወዱት፣ መሰርሰሪያ መያዝ ያሳፍራችኋል።

ከዚያ ጉድ በኋላ ጂግ ሰራሁ፣ ቦርዱን አጥብቆ ይዞ ፕሮግራም የሚጭንና የሚፈትሽ መሣሪያ። ሁለት የአክሪሊክ ጠፍጣፋና አንድ የበር ማጠፊያ ናቸው። ከታች ስፕሪንግ ያላቸው ፖጎ ፒኖች ተተክለዋል። ቦርዱ ላይ ሲቀመጥ እያንዳንዱ ፒን የራሱን ነጥብ ይነካል። ሁለት የብረት ዘንግ በቦርዱ የብሎን ቀዳዳ ገብተው ቦታውን ያስይዛሉ። ፒኑን ከነማቀፊያው ትከሉት፣ ሲያልቅ ነቅላችሁ በሌላ ትተኩታላችሁ። ጫፉ ሹል ይሁን። ደፋኑ ጫፍ ያምራል፣ ግን ከብየዳ የቀረ ፍላክስ፣ ያ ሙጫ መሰሉ ቅሪት፣ ካለ አይነካም፣ እናንተም ደህናውን ቦርድ ተበላሽቷል ብላችሁ ትጥላላችሁ። ነጥቦቹን ደግሞ ቦርዱን ስትነድፉ ነው የምታስቡት፣ ሁሉም በአንድ ፊት፣ ሚሊሜትር ተኩል ስፋት ያህል። ከመጣ በኋላ ቦታ የለም።

አሰራሩ አንድ ቁልፍ ነው። ኃይል ከመስጠቱ በፊት አጭር ዙር (ሾርት) መኖር አለመኖሩን ይለካል። ከዚያ ከ100 ሚሊአምፔር በማይበልጥ ገደብ ያበራዋል። ፊውዝ ይጽፋል፣ ፕሮግራም ይጭናል፣ ፊውዙን መልሶ ያነባል። ይቺኛዋን አስምሩባት። «ተሳካ» የሚለው መልዕክት ፕሮግራሙን እንጂ ፊውዙን አላየም። ከዚያ ቦርዱ ራሱ የአንድ ሰከንድ ምልክት ይልካል፣ ጂጉ ይለካዋል። የውስጥ ሰዓቱ እስከ 10 በመቶ ሊዛነፍ ስለሚችል ከ0.9 እስከ 1.1 ሰከንድ እቀበላለሁ። 8 ሰከንድ ከመጣ ቀይ መብራት።

ሌላም አለ። ያን ጊዜ ለጥንቃቄ ብዬ ሁሉንም በቀስታ ፍጥነት ነበር የምጭነው። የመጫኛው ፍጥነት ከቺፗ ሰዓት ሩብ በታች መሆን አለበት። ፊውዙን በቀስታ ጽፌ ፕሮግራሙን በፈጣኑ ብጭን ኖሮ ፊውዝ ያልተጻፈባት ቺፕ እምቢ ትለኝ ነበር። ስህተቴን የሸፈነብኝ ጥንቃቄዬ ነው።

ስድስቱ ደቂቃ 40 ሰከንድ ሆነ። ለ10 ቦርድ ግን ጂግ አትስሩ፣ ጊዜ ማባከን ነው። እኔ ባለፈው ዓመት ለ5 ቦርድ ሰርቻለሁ፣ ያ የኔ ልማድ ነው።

ልጄ፣ ያንተን ጥያቄ በስልክ አሳጥሬ ነበር የመለስኩት። መጀመሪያ አጭር ዙሩን እይ፣ ቀጥሎ ፕሮግራሙን ጫን፣ መፈተሻውን ፕሮግራሙ ውስጥ ክተተው፣ ቁልፉን ተጭነህ ይዘህ ስታበራው እንዲከፈት። እንደኔ 3 ሰዓት ያለ ረጅም ጊዜ ካለው በ3 ሰከንድ የሚያሳይ ይሁን።

እሷን ትናንት በሰው በሰው አፈላልጌ ደወልኩላት። የራሷ የጥገና ሱቅ አላት፣ ሁለት ሰራተኛ ቀጥራለች። ይቅርታ ልላት ነበር፣ ሳልጀምረው «ጋሼ፣ ያ ባዘር ከምናለሽ ተራ አልነበረም፣ እኔ ነኝ የገዛሁት፣ ከደህና ሱቅ ነው» ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ይቅርታውን ያን ጊዜ ነው ያልኩት።

ጂጉን ቅዳሜ ከሰዓት መጥተህ ውሰደው። የበር ማጠፊያው ላልቷል፣ ሶስተኛው ፒንም ጎብጧል፣ ሁለቱንም ቀይርና ፒኖቹን በቦርድህ ነጥቦች ልክ ተክለህ ተጠቀምበት።