ሰውን ባዩት ቅጽበት ብልህነቱን ማወቅ ይቻላልን?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የአምዱ አዘጋጆች፣ በጎንደር ከተማ አራዳ አካባቢ የመኪናና የባጃጅ መለዋወጫ መደብር አለኝ። በንግድ ብዙ ዓመት ስለ ቆየሁ፣ አንድ ሰው ገብቶ ሁለት ቃል ከተናገረ ጭንቅላት ያለው መሆን አለመሆኑን እለያለሁ፤ ተሳስቼም አላውቅም። ባለፈው ወር ለዕቃ ግምጃ ቤት ሥራ ሁለት ወጣቶችን አነጋገርሁ። አንደኛው የከተማ ልጅ ነው፤ ልብሱ የጸዳ፣ ግንባሩ ሰፊ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ ጥያቄዬን ሳልጨርስ የሚመልስ፣ እንግሊዝኛም የሚቀላቅል ነው። ሁለተኛዋ ከጭልጋ ገጠር መጥታ ትምህርቷን እዚህ የጨረሰች ልጅ ናት፤ አንገቷን ደፍታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ጥቂት ዝም ካለች በኋላ ነው የምትመልሰው። እኔ የልጁን ብልህነት ወዲያው ተረዳሁት፤ ባለቤቴ ግን "አንተ ያየኸው አቀማመጧን ነው እንጂ መልሷን መቼ ሰማህ?" ብላ ተከራከረችኝ። ቅጥሩ ገና አልተወሰነም። የሰውን ብልህነት በመጀመሪያ ግንኙነት ማወቅ ይቻላልን? የሚታመን ምልክትስ አለን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ብልህነትን በመጀመሪያ ግንኙነት በጥቂቱ መገመት ይቻላል፤ ይህ የሚቻለው ግን ይበልጡን በጆሮ ነው፤ እርስዎ የጠቀሷቸው ምልክቶች ደግሞ አብዛኞቹ በዓይን የሚታዩ ናቸው።

ፒተር ቦርከናውና አኔተ ሊብለር የተባሉ ጀርመናውያን የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት፣ 100 ሰዎች አንድ በአንድ ወደ ክፍል ገብተው፣ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጠው የአየር ሁኔታ ትንበያ ሲያነቡ ተቀረጹ፤ ለየብቻም የአእምሮ ችሎታ ፈተና ተፈተኑ። ከዚያም ሰዎቹን ፈጽሞ የማያውቁ ተመልካቾች ቀረጻውን እየተመለከቱ የእያንዳንዱን ብልህነት እንዲገምቱ ተደረገ። ምስሉንም ድምፁንም ያገኙት ተመልካቾች የሰጡት ግምት ከፈተናው ውጤት ጋር በመጠኑ የተዛመደ ሆኖ ሲገኝ፣ ድምፁ ተዘግቶ ምስሉን ብቻ ያዩት ግን ግምታቸው ከውጤቱ ጋር አልተገናኘም። የሚያነበው ነገር የገባው ሰው ትንፋሹን የት እንደሚሰበስብና የትኛውን ቃል አጉልቶ እንደሚያነብ ስለሚያውቅ፣ አድማጩ ከአነባበቡ አንድ ነገር ይይዛል።

ይሁን እንጂ ጆሮም ቢሆን ከብልህነት ጋር አደባልቆ የሚሰማው ብዙ ነገር አለ። መጽሐፍ በሞላበት ቤት ያደገና ክፍያ በሚጠየቅበት ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ እንግሊዝኛ ሲቀላቅል፣ የምንሰማው የወላጆቹን አቅም ሊሆን ይችላል። ለመለዋወጫ ግምጃ ቤት ደግሞ በካርቶን ላይ የታተመውን የዕቃ ቁጥር ሳያሳስቱ ማንበብና መመዝገብ ከንግግር ቅልጥፍና ይበልጣል።

የግንባርን ስፋት ከአእምሮ ስፋት ጋር ማያያዝ የቆየ ልማድ ሲሆን፣ በአውሮፓም ሊቃውንቱ ሳይቀሩ ለረጅም ጊዜ የሰውን ራስ ሲለኩ ኖረዋል። ፈረንሳዊው አልፍሬድ ቢኔ፣ መምህራን እጅግ ጎበዝና እጅግ ደካማ ብለው የመረጡለትን ተማሪዎች ራስ ለክቶ፣ በመካከላቸው ያገኘው ልዩነት እጅግ ትንሽ ስለ ነበር መንገዱን ተወው፤ ለኪው ራሱ የሚጠብቀውን ውጤት ለማግኘት ሳያውቀው ሊያዘነብል እንደሚችልም አስተዋለ። ከዚያ በኋላ ነው ከቴዎዶር ሲሞን ጋር ሆኖ፣ ልጆችን ልዩ ልዩ ተግባር እያሠራ የሚመዝነውን ፈተና እ.ኤ.አ. በ1905 ያወጣው። ፊትን በተመለከተም፣ በቼክ ሪፐብሊክ የ80 ተማሪዎችን ፎቶግራፍ ይዞ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት አለ። ገማቾቹ ጠበብ ያለ ፊት፣ ቀጭን አገጭና ረዘም ያለ አፍንጫ ያላቸውን ሰዎች "ብልህ" እያሉ ቢመርጡም፣ የእነዚህ መልኮች ባለቤቶች በፈተናው ከሌሎቹ በልጠው አልተገኙም። በወንዶቹ ላይ የተሰጠው ግምት ከፈተናው ጋር ጥቂት ዝምድና ሲያሳይ፣ በሴቶቹ ላይ የተሰጠው ምንም ዝምድና አልነበረውም፤ ሴት አመልካች ለሚያነጋግር ሰው ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

የጸዳ ልብስ የሚወደስ ነገር መሆኑን ማንም አይክድም። ችግሩ፣ አንድ ያማረ ነገር ስናይ ያላየነውን ሁሉ ያማረ አድርገን መሙላታችን ነው። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1920 እንደ ጻፈው፣ የጦር መኮንኖች የበታቾቻቸውን ቁመና፣ ብልህነት፣ የመሪነት ችሎታና ጠባይ ለየብቻ እንዲመዝኑ ሲጠየቁ፣ አራቱም ነጥቦች ከሚገባው በላይ ተቀራርበው ወጡ፤ ቁመናው ያማረላቸውን ሰው ብልህም፣ ለመሪነት የተገባም አድርገው ያዩት ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ዓይን ለዓይን መተያየቱ እንምጣ፤ ደብዳቤዎን ስናነብ ይበልጥ ያሳሰበን ይህ ነውና። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ኖራ መርፊ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመችው ጥናት፣ ሲናገሩ የአነጋጋሪያቸውን ዓይን የሚያዩ ሰዎች ብልህ መስለው መታየታቸውን፣ ይህም ጠባይ ከፈተና ውጤታቸው ጋር የተወሰነ ዝምድና እንዳለው አግኝታለች፤ ስለዚህ የእርስዎ ስሜት ከባዶ የተነሣ አይደለም። ነገር ግን በዚያው ጥናት "ብልህ ለመምሰል ሞክሩ" የተባሉት ሰዎች ይህንኑ ጠባይ አብዝተው በማሳየታቸው የበለጠ ብልህ ተብለው ተገምተዋል፤ ምልክቱ ተጠንቶ ሊለበስ የሚችል መሆኑን ልብ ይሏል። ከዚህ ሁሉ በላይ ጥናቱ የተሠራው፣ ልጅ የታላቁን ዓይን እያየ ቢናገር በማይነቀፍበት አገር ነው። በጭልጋም፣ በደምቢያም፣ በወገራም ያለች ልጅ ግን በታላቅ ሰው ፊት ዓይኗን እንድትሰብር፣ ድምፅዋን እንዳታሰማ፣ ሳትጠየቅ እንዳትመልስ ተብላ ነው የምታድገው፤ "በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም" የሚለውን ምክር የማትሰማበት ቤት ጥቂት ነው። እንዲህ ያደገች ልጅ በማታውቀው ባለሀብት ፊት ተቀምጣ አንገቷን ብትደፋ፣ የታየው አስተዳደጓ ነው። ከመልሷ በፊት ዝም ማለቷም ማሰቧ ይሁን መፍራቷ ከዝምታው ብቻ አይታወቅም፤ የሚታወቀው የመለሰችውን ቃል በቃል በመመርመር ነው፤ ባለቤትዎም የተከራከሩት ይህንኑ ነው።

ይህን ለማስተዋል ጎንደሬ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በከተማችን በአቋቋም ትምህርት የታወቀው የጎንደር በዓታ ጉባኤ አለ፤ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ በየደጁ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያለ ከሚለምነው ልጅ መካከል ረጅሙን ዜማና ዝማሜ በቃሉ የያዘ፣ ሰምና ወርቁ የጠለቀ ቅኔ የሚቆጥር አለ። በአለባበሱ ቢመዘን ኖሮ ማንም ከቁም ነገር አይጥፈውም ነበር። የቅኔ መምህር ግን ተማሪውን በሚያቀርበው ቅኔ እንጂ በሌላ አይለየውም፤ ተማሪው የትናንቱን ሳይደግም አዲስ ቅኔ ይዞ ይቀርባል፤ የኔታም እየሰሙ ያርማሉ፤ ይህ ደግሞ በአንድ ቀን የሚያበቃ ሳይሆን ለብዙ ጊዜ የሚደጋገም ነው።

"ተሳስቼ አላውቅም" ላሉት ቃል ሳንመልስ ማለፍ አንችልም። እርስዎ ያባረሩት ሰው ሌላ ቦታ ተቀጥሮ ምን ያህል ጎበዝ እንደ ሆነ የሚያዩበት አጋጣሚ የለዎትም፤ የቀጠሩትን ደግሞ አምነውበት ሥራውን እያሳዩ፣ ስሕተቱን እየታገሡ ስለሚያሳድጉት ብቃቱ በከፊል የእርስዎ ድካም ውጤት ነው። ግምትዎ እንዲህ ባለ መንገድ ሁልጊዜ ትክክል መስሎ ይታያል። በእርግጠኝነት ስሜቱም ላይ ብዙ አይደገፉ፤ ጃኒን ዊሊስና አሌክሳንደር ቶዶሮቭ እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳዩት፣ ሰዎች የማያውቁትን ፊት ለአንድ አሥረኛ ሰከንድ ብቻ አይተው ስለ ብቃቱና ስለ ታማኝነቱ ፍርድ ይሰጣሉ፤ የማያ ጊዜው ሲረዝምላቸው በብዛት የሚጨምረው በፍርዳቸው ላይ ያላቸው መተማመን ነው።

ታዲያ ምን ያድርጉ? ከእኛ ይልቅ እርስዎ የሚያውቁት ነገር ነው፤ ኩሽኔታ በካርቶኑ ውበት አይገዛም። ሁለቱንም ወጣቶች ለአንድ ቀን ይጥሯቸው፤ የቀን ሒሳባቸውንም ይክፈሏቸው። ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ኩሽኔታና የፍሬን ሸራ የተቀላቀለበት ዕቃ ከነደረሰኙ ይስጧቸውና፣ በደረሰኙና በዕቃው መካከል ሆን ብለው ያስገቧቸውን ጥቂት ልዩነቶች እንዲያወጡ ያድርጉ። ቀጥሎ መደብርዎ ዕቃ በመደርደሪያ የሚያስቀምጥበትን ቁጥር አንድ ጊዜ ያስረዷቸውና፣ ከሰዓታት በኋላ አዲስ የመጣ ዕቃ ራሳቸው እንዲመድቡ ይጠይቋቸው፤ አዲስ ነገር ተምሮ ባላየው ነገር ላይ ማዋል ከብልህነት ዋና ዋና መገለጫዎች አንዱ ነው። ያልገባቸውን ይጠይቁ እንደ ሆነም ይከታተሉ፤ ለግምጃ ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ያወጡትን ወረቀት ስም ሳይጻፍበት ባለቤትዎ ያርሙት። ቃለ መጠይቁንም መድገም ከፈለጉ፣ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ጥያቄ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል አቅርበው ለእያንዳንዱ መልስ ወዲያውኑ ነጥብ ይጻፉ። ፍራንክ ሽሚትና ጆን ሃንተር እ.ኤ.አ. በ1998 የ85 ዓመታት የቅጥር ጥናቶችን አጠናቅረው፣ የሥራውን ናሙና ማሠራትና አስቀድሞ የተዘጋጀ ወጥ ቃለ መጠይቅ እንደ መጣ ከሚደረግ ጭውውት የተሻለ እንደሚተነብዩ አሳይተዋል። በፈተናው ወንዱ ልጅ ቢበልጥ ያለ ጥርጥር ይቅጠሩት፤ ዓይን እያየ በፍጥነት መመለሱ ወንጀል አይደለም።

ጥያቄ፦ ልጄ አዘዞ ሁለተኛ ክፍል ይማራል። ትምህርት በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት መምህሩ "ልጅሽ ፈዛዛ ነው፤ ብዙ አትጠብቂ" አሉኝ። በዚህ ጊዜ ይህን ማወቅ ይቻላልን?

መልስ፦ እኅታችን፣ በሦስት ሳምንት እንዲህ ያለ ፍርድ መስጠት አይቻልም፤ ለልጁም አደጋ አለው። ሮበርት ሮዘንታልና ሌኖር ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት ጥናት፣ በካሊፎርኒያ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለሚገኙ መምህራን "እነዚህ ልጆች በዚህ ዓመት ብዙ ይሻሻላሉ" ብለው ስም ሰጧቸው፤ ስሞቹ ግን የተመረጡት በዕጣ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ በተለይ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆች ከጓደኞቻቸው በልጠው ተገኙ። የጭማሪው መጠን እስከ ዛሬ ቢያከራክርም፣ መምህር ከልጁ የሚጠብቀው ነገር በአያያዙ ላይ ለውጥ ማምጣቱ ተደጋግሞ ታይቷል። እርስዎ አስቀድመው የልጁን ዓይንና ጆሮ ያስመርምሩ፤ ሰሌዳውን በሚገባ የማያይ ወይም መምህሩን የማይሰማ ልጅ ፈዛዛ መምሰሉ የተለመደ ነው፤ ለዓይኑ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍል ቅርብዎ ነው። ከዚያ መምህሩን በአክብሮት ያነጋግሩና፣ ልጁ የትኛውን ፊደል እንደሚስት፣ የትኛውን ስሌት እንደማይችል ለይተው በጽሑፍ እንዲሰጡዎት ይጠይቁ፤ በሁለት ወር ውስጥም በዚያው ዝርዝር ላይ እንደገና ይነጋገሩ።