ካልኩሌተርሽ 0.245 ሲልሽ ምን ማለቱ ነው?

ከደሴ አንዲት ወጣት እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? ከቴክኒክና ሙያ ተመርቄ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ከአንድ ጣራ ሠሪ አናጢ ጋር እየሠራሁ ነው። የጣራው አናት ከግድግዳው 1 ሜትር ከፍ ይላል። ከግድግዳው እስከ መሃል ያለው አግድም 4 ሜትር ነው። ፒያሳ ያገለገለ ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር ገዝቼ ማዕዘኑን ብጠይቀው 0.245 አለኝ። የወራጁን፣ ማለትም ተዳፋቱን የሚይዘውን እንጨት፣ ርዝመት ስጠይቀው ደግሞ √17 ብሎ ቁጭ አለ። ሁለት ወራጅ በነገረኝ ማዕዘን ቆርጠን ብናጋጥም ከታች ተነካክተው ከላይ አፋቸውን ከፈቱ። አናጢው ‹ይሄን ዕቃ ጣይው› አለኝ። ተበላሽቶ ነው ወይስ ያልገባኝ ነገር አለ? ክረምት ሳይገባ ቤቱን መክደን አለብን።»

አብሽሪ እህቴ። ዕቃው ደህና ነው። ሁለቱም መልሶች ትክክል ናቸው። ሁለት ነገር ብቻ አስተካክለሽ ነገ ጠዋት ሥራሽን ትቀጥያለሽ።

እኔ ኮምቦልቻ የብረት ሥራ ነው የምሠራው። ካፕሪያታ (ጣራ የሚሸከመው ባለ ሦስት ማዕዘን)፣ ደረጃ፣ በር። እንጨት ባይሆንም ሂሳቡ አንድ ነው። ያንቺን ጥያቄ ሳነብ ደግሞ የራሴ ስህተት ትዝ አለኝ። እሱን ከታች አነሳዋለሁ።

መጀመሪያ 0.245ቱ። ካልኩሌተር ማዕዘንን በሦስት መለኪያ ያውቃል፦ በዲግሪ፣ በራዲያን እና በግራድ። እኛ አናጢዎችና በያጆች የምናውቀው ዲግሪን ነው። ዙሪያው 360፣ ቀጥ ያለው ማዕዘን 90። ያንቺ ዕቃ ግን ራዲያን ላይ ነው ያለው። የቀድሞ ባለቤቱ የምህንድስና ወይም የሂሳብ ተማሪ ሳይሆን አይቀርም፤ ከፍ ባለው ሂሳብ ውስጥ የሚሠራው በራዲያን ነው።

ራዲያንን በእጅሽ ልታይው ትችያለሽ። መሬት ላይ ምስማር ምቺና ሲባጎ አስረሽ ክብ አዙሪ። ከዚያ ያንኑ ሲባጎ፣ ሳታሳጥሪ ሳታስረዝሚ፣ በክቡ ጠርዝ ላይ አስተኚው። ከምስማሩ ወደ ሲባጎው ሁለት ጫፎች መስመር ብታሰምሪ በመሃል የሚከፈተው ማዕዘን 1 ራዲያን ነው። በዲግሪ ወደ 57.3 ይሆናል። አሁን 0.245ን በ57.3 አባዢው። 14.04 ይመጣል። ያንቺ ጣራ ማዕዘን ይሄው ነው፣ 14 ዲግሪ ከትንሽ። ካልኩሌተሩ ነግሮሽ ነበር፤ የነገረሽ ግን በሌላ መለኪያ ነው። እናንተ 0.245ን እንደ ዲግሪ ወስዳችሁ ቆረጣችሁ። ሩብ ዲግሪ ደግሞ ከቀጥታ አይለይም። ስለዚህ እንጨታችሁ በስኳድራ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ወጣ።

እንዴት ይመለሳል? ያንቺ √17 ብሎ ስለሚጽፍ ካሲዮ ኢኤስ የሚባለው ዓይነት ወይም እሱን የመሰለ ነው። ሺፍትን ተጭነሽ ሞድን ንኪ። ዝርዝር ይመጣል። 3 ቁጥር ዲግሪ ነው፣ እሱን ተጫኚ። አለቀ። ስክሪኑ አናት ላይ የነበረችው ትንሽ የእንግሊዝኛ አር ፊደል ወደ ዲ ትቀየራለች። በቆየው ኤምኤስ በሚባለው ላይ ደግሞ ሦስቱ መለኪያዎች በአንድ ረድፍ እስኪመጡ ሞድን ደጋግሞ መጫን፣ ከዚያ 1ን መንካት ነው። ኢኤክስ በሚባለው ላይ ሺፍት እና ሜኑ፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ 1።

ያገለገለ ስለሆነ ግን እኔ ብሆን ሁሉንም አጸዳዋለሁ። በኢኤስ ላይ ሺፍት፣ 9፣ 3፣ እኩል ይሆናል፣ ከዚያ ኤሲ። ፋብሪካ እንደወጣ ይሆናል፣ ዲግሪ ላይም ራሱ ይመለሳል። ሌላም ጥቅም አለው። የቀድሞው ባለቤት ከነጥብ በኋላ ስንት አሃዝ እንደሚታይ ቆልፎት ከሆነ እሱም ይለቀቃል። ከነጥብ በኋላ ምንም እንዳያሳይ የተቆለፈ ካልኩሌተር 4.12ን 4 ብሎ ይሰጥሻል። 12 ሴንቲ ጠፋ ማለት ነው!

አሁን √17። ይሄም ስህተት አይደለም። ኢኤስ መልሱን በስርና በክፍልፋይ ማሳየት ይወዳል፤ ለተማሪ ነው የተሠራው። ከቁጥር ቁልፎቹ ከፍ ብሎ ኤስ እና ዲ ፊደሎች ሁለት አፍ ባለው ቀስት የተያያዙበት ቁልፍ አለ። እሱን ስትነኪው 4.123 ይልሻል። 4 ሜትር ከ12 ሴንቲ ከ3 ሚሊ። ሌላ ጊዜ ደግሞ እኩልን ከመጫንሽ በፊት ሺፍትን ከነካሽ በቀጥታ በነጥብ ይመጣል።

ወደ ራሴ ስህተት ልመለስ። ቦርከና ዳር ለአንድ መጋዘን ካፕሪያታ ስሠራ ነው። ግማሽ ስፋቱ 5 ሜትር፣ ከፍታው 1 ሜትር ተኩል። ካልኩሌተሬ ባትሪ ጨርሶ ስለነበር የአንዱን ልጅ ተዋስኩ። ርዝመቱ 5.22 መጣ፣ ልክ ነው። ማዕዘኑ 18.55 አለኝ። ዓይኔ አላመፀም፣ 18 ዲግሪ ጣራ ያለ ነገር ነው። ቱቦላሬውን ቆረጥን፣ በ18 ዲግሪ ተኩል አቁመን በነጥብ ብየዳ አያያዝነው። የመሃል ቋሚውን 1.50 ቆርጬ ሳቆመው አናቱ ላይ አልደርስ አለ። 16 ሴንቲ ያህል ጎደለው። የግራና የቀኙ ዘንግም መሃል ላይ ሊገናኙ 10 ሴንቲ ያህል ቀራቸው። ሜትሩን ሦስት ጊዜ ለካሁ። ርዝመቱ ልክ ነው። ቋሚው ልክ ነው። ግን አይገጥምም። ግማሽ ቀን ስለካ ዋልኩ።

ልጁ ካልኩሌተሩን ግራድ ላይ ትቶት ነበር። ግራድ ማለት ቀጥ ያለውን ማዕዘን 100 ቦታ የሚከፍል መለኪያ ነው፣ ዙሪያው 400። ፈረንሳዮች ከሜትር ጋር ያመጡት ነው። እውነተኛው ማዕዘን 16.7 ዲግሪ ነበር። 18.55 ግራድ ማለት ራሱ 16.7 ዲግሪ ነው።

ይሄን የማነሳው ራዲያን ከግራድ ስለሚሻል ነው። ራዲያን ሲያሳስት ይጮኻል፤ በ0.245 የቆረጣችሁት ገና ሲጋጠም ያንቺ አናጢ ዕቃውን ጠረጠረ። ግራድ ግን የሚታመን ቁጥር ነው የሚሰጠው። ያንቺኑ ጣራ በግራድ ብትጠይቂው 15.6 ይልሻል። ማን ይጠረጥራል? ቤቱ ላይ ግን 4 ሜትር ላይ 11 እና 12 ሴንቲ ከፍታ ይለያያል።

ሌላው የሚያሳስተው፣ በሁለታችንም ላይ ርዝመቱ ልክ መሆኑ ነው። ስር ማውጣት ከማዕዘን ጋር አይገናኝም፣ መለኪያው የትም ላይ ቢሆን ያው ነው። ስለዚህ ርዝመቱን በሜትር አረጋግጠሽ «ካልኩሌተሩ ደህና ነው» ብትይ ማዕዘኑን አላረጋገጥሽም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ልማድ አለኝ። የማንንም ካልኩሌተር ስይዝ፣ የራሴም ቢሆን፣ መጀመሪያ ታንጀንት 45 እላለሁ። 1 ካለኝ ዲግሪ ላይ ነው። 45 ዲግሪ ማለት 1 ሜትር ሄደሽ 1 ሜትር የምትወጪበት ነው፤ ከፍታውን በአግድሙ ስታካፍዪ 1 ካልመጣ ሌላ ነገር አለ። 1.62 ካለ ራዲያን ነው። 0.854 ካለ ግራድ ነው። ሁለት ሴኮንድ አይፈጅም። የስልክ ካልኩሌተርም በዚሁ ይፈተናል፤ እንዲያውም ስልክ ላይ ይበልጥ ያስፈልጋል፣ በአንዳንዱ ቁልፉ ላይ የተጻፈው አሁን ያለበትን ሳይሆን ብትነኪው የሚሄድበትን ነውና። ታንጀንት 90ን ብትሞክሪ ደግሞ ዲግሪ ላይ ያለ ካሲዮ የሂሳብ ስህተት ነው ብሎ ይመልስሻል። ቀጥ ብሎ የቆመ ግድግዳ አግድም የለውም፣ በዜሮ ማካፈል ይሆናል። አትደንግጪ፣ ልክ ነው።

አሁን ሥራሽን እንሥራ። ማዕዘኑን ለማግኘት ሺፍት፣ ታንጀንት፣ ከዚያ በቅንፍ 1 ÷ 4፣ ቅንፍ ዝጊ፣ እኩል። 14.036 ይመጣል። ሺፍት ታንጀንት ማለት «ከፍታው ለአግድሙ ይሄን ያህል ከሆነ ማዕዘኑ ስንት ነው» ብሎ ወደ ኋላ መጠየቅ ነው። ቁልፉ ላይ ከፍ ብላ የተጻፈችው ነጌቲቭ 1 ታንጀንትን ለ1 ማካፈል አይደለም፤ ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳታል። ቅንፉንም አትተዪ። ታንጀንት ወደ ኋላ 1 ብቻውን 45 ስለሆነ፣ ያለ ቅንፍ ከገባ አንዳንዱ ዕቃ 45ን ለ4 አካፍሎ 11.25 ይሰጥሻል።

ወራጁ ከግድግዳ ውጭ ይወጣ የለም? 60 ሴንቲ ይውጣ እንበል። ያ 60 በአግድም ነው። በተዳፋቱ ላይ ሲለካ ይረዝማል። ስለዚህ ጠቅላላ አግድሙ 4.60 ነው። አግድሙን ለማዕዘኑ ኮሳይን ስታካፍዪ የተዳፋቱ ርዝመት ይመጣል። 14.036ቱ ስክሪኑ ላይ እያለ፣ ሳታጠፊው፣ 4.6 ÷ ኮሳይን አንስ ብለሽ እኩል ተጫኚ። አንስ የምትባለው ቁልፍ የመጨረሻውን መልስ ከነሙሉ አሃዙ ታስታውሳለች። 4.742 ይመጣል። ወረቀት ላይ 14 ብለሽ ቆርጠሽ ጽፈሽ እሱን ብታስገቢ የሚለየው 1 ሚሊ እንኳ አይሞላም፣ መጋዙ ራሱ 2 እና 3 ሚሊ ይበላል። ስለዚህ ለአሃዝ ብዛት አትጨነቂ። መለኪያው ዲግሪ መሆኑን ግን ተጨነቂለት።

አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ፣ ደቂቃ። ፕላን ላይ 14°30′ የሚል ታገኛለሽ። እሱን 14.30 ብለሽ እንዳታስገቢ። 30 ደቂቃ ግማሽ ዲግሪ ስለሆነ 14.5 ነው። አለበለዚያ የዲግሪ፣ የደቂቃና የሴኮንድ ምልክት ያለበት ቁልፍ አለ፤ 14፣ ቁልፉ፣ 30፣ ቁልፉ ትያለሽ። በ4 ሜትር ላይ ያቺ ስህተት 1 ሴንቲ ተኩል ከፍታ ናት። ለአንድ ወራጅ ትንሽ ትመስላለች፤ ቆርቆሮው ሲመታ ግን ማዕበል ትሠራለች።

ዓይንሽንም አሠልጥኚው እንጂ ሙሉ በሙሉ አትመኚው። ከኮምቦልቻ ደሴ ስትወጪ ሐረጎን ታውቂዋለሽ፣ መኪናው ሲያቃስት። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከ600 ሜትር በላይ ነው፣ መንገዱ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ያህል። ሺፍት ታንጀንት 600 ÷ 25000 በቅንፍ ብትዪው 1.37 ዲግሪ ነው የሚመጣው። አማካዩን ነው እንጂ ሐረጎ ላይ በእርግጥ ይበልጣል። ግን ገምቺ ብትባዪ 10 ትያለሽ፣ እኔም እላለሁ። ተዳፋት ሁልጊዜ ለዓይን ከእውነቱ በላይ ነው የሚታየው። ሲያጠራጥርሽ መሬት ላይ ሲባጎ ወጥሪ፣ 4 ሜትር አግድም፣ በስኳድራ 1 ሜትር ቀጥ ያለ። ጫፍና ጫፉን በሜትር ለኪ። 4 ሜትር ከ12 መምጣት አለበት። ማዕዘኑንም እዚያው በፕሮትራክተር አንብቢ፣ 14 አካባቢ ታገኛለሽ።

የተቆረጡት ሁለቱ ወራጆች ደግሞ አልተበላሹም። ታችኛው ጫፍ ገና ካልተቆረጠ ርዝመቱ አለ። ከታች ተነካክተው ከላይ የተከፈቱት አናታቸው ቀጥ ብሎ ስለተቆረጠ ነው። የላይኛው ጠርዝ እዚያው ይሁን፣ እሱን አትንኪው። ከታችኛው ጠርዝ ብቻ ወደ ኋላ መመለስ ነው የሚያስፈልገው። ስንት? የእንጨቱ ቁመት (ከላይኛው ጠርዝ እስከ ታችኛው ጠርዝ) ሲባዛ ታንጀንት 14.036፣ እሱም 0.25 ነው። ሞራሌው 8 ሴንቲ ከሆነ 2 ሴንቲ። ከታች 2 ሴንቲ ምልክት አድርጊ፣ ከላይኛው ጫፍ ጋር በመስመር አገናኚው፣ በዚያ ላይ ቁረጪ። መጀመሪያ አንዱን ብቻ ቁረጪና ቱንቢ አንጠልጥለሽ እዪው፤ ወራጁ ቦታው ላይ ሲቀመጥ የተቆረጠው ፊት ከክሩ ጋር እኩል መውረድ አለበት። እኩል ከወረደ ያንን ወራጅ ልክ አድርገሽ ሌሎቹን በሱ ላይ እያስተኛሽ ምልክት አድርጊባቸው።