ቤት እየመጣ የሚያሸው ልጅ ላይሰንስ እንዳለው በምን ላውቅ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የምኖረው አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው። እማዬ የጉልበት ቅየራ ሰርጀሪ ተደርጎላት ቤት ገብታለች፣ ዶክተሩ ፊዚካል ቴራፒ ጀምሩ ብሎ ሪፈራል ሰጥቶን ነበር ግን እንግሊዝኛ ስለማትችል መሄዱን ፈራችው። ቤተክርስቲያን የምናውቃት እናት ደግሞ «ሀገር ቤት ፊዚዮ የነበረ፣ እጁ መድኃኒት የሆነ የኛው ልጅ አለ፣ ቤት መጥቶ ያሻታል፣ በካሽ ነው» አለችን። እማዬ ደስ ብሏታል፣ እኔ ግን ላይሰንስ አለህ ወይ ብዬ መጠየቁ ነውር መሰለኝ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ ምንም ነውር የለውም፣ ላይሰንስ ያለው ሰው ይሄ ጥያቄ አይከፋውም። ቨርጂኒያ ውስጥ የጤና ባለሙያዎችን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት፣ ዲፓርትመንት ኦፍ ሄልዝ ፕሮፌሽንስ የሚባለው፣ ዌብሳይቱ ላይ ላይሰንስ ሉካፕ አለው፣ በነፃ ነው። ስሙን ስታስገቢ ፊዚካል ቴራፒስት ነው ወይስ አሲስታንት፣ ላይሰንሱ አሁን ይሠራል ወይ፣ መቼ ያልቃል፣ ቅጣት ነገር አለበት ወይ፣ ሁሉንም ያወጣልሻል። አሲስታንቱም የራሱ ላይሰንስ አለው ግን የሚሠራው በፊዚካል ቴራፒስት ስር ነው፣ ምርመራውን አድርጎ ፕላኑን የሚያወጣው ቴራፒስቱ ነው።

የኛ ሰው ላይ አንድ ጣጣ አለ፣ ፀሐይ የሚለውን ብቻ በእንግሊዝኛ ስንት ዓይነት እንደሚጽፉት ታውቂያለሽ፣ አንዳንዱም ወረቀቱ ላይ ያለው የአያቱ ስም ነው። ስለዚህ አጣሁት ብለሽ ሰውየውን ውሸታም ከማለትሽ በፊት «ላይሰንስህ ላይ ስምህ እንዴት ነው የተጻፈው፣ ቁጥሩስ?» በይው። ሜሪላንድ ወይ ዲሲ ነው የምሠራው ካለሽ የዛውን ቦርድ ሳይት እዪ፣ ግን እማማን የሚያክመው ቨርጂኒያ ቤታችሁ መጥቶ ከሆነ የሜሪላንዱ ብቻውን አይበቃም፣ ወይ የቨርጂኒያ ላይሰንስ ወይ ፒቲ ኮምፓክት በሚባለው የስቴቶች ስምምነት በኩል ያገኘው ፈቃድ ያስፈልገዋል።

«ሀገር ቤት ፊዚዮ ነበር» የሚለው እውነት ሊሆን ይችላል፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የወጡ ጎበዝ ልጆች አሉ። ግን እዚህ ትምህርቱ ተገምግሞ፣ ብሔራዊ ፈተናውን አልፎ፣ ከስቴቱ ላይሰንስ ካላገኘ ፊዚካል ቴራፒስት ነኝ ማለት አይችልም። ማሳጅ ላይሰንስ አለኝ ካለሽም ያ ሌላ ነው፣ ቨርጂኒያ ውስጥ እሱን የሚሰጠው የነርሲንግ ቦርዱ ነው።

እኔን የሚያስፈራኝ ከካሹ በላይ ማሸቱ ነው። ከጉልበት ቅየራ በኋላ እግር ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል፣ ባቷ አብጦ ወይ ሞቆ ወይ እያመማት ሳለ በቅባት ቢታሽ የረጋው ደም ተነስቶ ሳንባ ሊገባ ይችላል። እንደዛ ካየሽ እንዳይነካ፣ ወዲያው ዶክተሩ ጋ ደውይ፣ ትንፋሽ ካጠራት ወይ ደረቷን ካመማት ግን 911። ደግሞ ጉልበቱ የሚመለሰው በመታሸት አይደለም፣ በማጠፍና በመዘርጋት ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዝም ብለው ካለፉ ሊደርቅባት ይችላል፣ እማማ ስፖርቱን አትወደውም መታሸቱን ነው የምትወደው አውቃለሁ (የሁላችንም እናት እንደዛ ናት)።

እና ለምን በካሽ? ሜዲኬር (ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች የሚሆነው የመንግሥት ኢንሹራንስ) ካላት፣ ከቤት መውጣት የሚከብዳት መሆኑን ዶክተሩ ጽፎ ሆም ሄልዝ (ቤት ድረስ የሚሰጥ ሕክምና) ካዘዘላት ላይሰንስ ያለው ቴራፒስት ቤት ድረስ ይመጣል፣ ለቴራፒው አትከፍልም። ክሊኒክ ከሄደች ግን ዓመታዊ ዲዳክቲብሉን (ሜዲኬር መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሳችሁ የምትከፍሉትን) ከጨረሳችሁ በኋላ 20 ፐርሰንቱ የናንተ ነው፣ ሌላ ኢንሹራንስ ካልሸፈነው።

ቋንቋውን በተመለከተ፣ ሜዲኬርና ሜዲኬድ (ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሆነው የመንግሥት ኢንሹራንስ) የሚቀበሉ ቦታዎች አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፣ በስልክም ቢሆን። አንቺም ከሥራ ቀርተሽ ማስተርጎም የለብሽም። ቀጠሮ ስትይዢ «አማርኛ አስተርጓሚ ትፈልጋለች፣ ፋይሏ ላይ ጻፉልኝ» በያቸው፣ ያኔውኑ ካልተጻፈ በቀጠሮው ቀን ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ።