ኮስት ሼሪንግ ትፈርም ወይስ አትፈርም?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ታናሽ እህትሽ ዘንድሮ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ደርሷታል፤ ኮስት ሼሪንግ፣ ማለትም ከዩኒቨርሲቲ ወጪዋ የራሷን ድርሻ ተመርቃ የምትከፍልበትን የወጪ መጋራት ውል፣ ፈርሚ ተብላለች። ፎገራ ያሉት አባታችሁ ደግሞ «ልጄን ዕዳ ውስጥ አላስገባም» ብለዋል። ካልፈረመች ምን ይመጣል? ምግቡንስ በብር ብትወስድ ይሻላል ወይ? ነው ያልሽው። እኔ ከ2006 እስከ 2008 ዓ.ም. እዚያው ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ተምሬያለሁ። ዕዳዬንም ከፍዬ ጨርሻለሁ። ስለዚህ ያየሁትን ልንገርሽ።

ትፈርም። ወይ ውሉን መፈረም፣ ወይ የዓመቱን ድርሻ በቅድሚያ መክፈል ነው ያለው። ሁለተኛው ለሩዝ ገበሬ ቤት የሚታሰብ አይደለም።

የአባታችሁ ፍርሃት ግን በደንብ ይገባኛል። የእኔም አባት ሐሙሲት አካባቢ ገበሬ ናቸው። የማዳበሪያ ዕዳ ያየ ሰው «ውል» ሲባል ይደነግጣል። የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ማሳው ላይ ቢተኙም የማዳበሪያው ብር አይቀርም። እኔ ፎርሙን ይዤ ቤት ስሄድ አባቴ አንብብልኝ አሉኝ። የእናት ሙሉ ስም የሚለው ላይ ስደርስ አስቆሙኝ። «እሷን ምን አገባት? ዋስ ልትሆን ነው?» አሉ። እናቴ ምድጃው ጋ ሆና ሥራዋን አቁማ ታዳምጣለች። ተማሪው ማን እንደሆነ ለመለየት ነው ብዬ እስካስረዳቸው ድረስ መሸ።

ለአባታችሁ እንዲህ በያቸው። ዕዳው የልጅቱ ነው፤ በሬ አይሸጥበትም። የሚጠየቀውም ተመርቃ ገቢ ስታገኝ ነው። ከወር ገቢዋ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፈላል። ማዳበሪያው ዝናብም ጎርፍም አያውቅም፤ ይሄኛው ግን ደመወዝ እስኪመጣ ይጠብቃል። መምህር ሆና ካገለገለች ደግሞ በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት የሚታሰብበት አሠራር አለ።

«ነፃ ነው፣ ዝም ብለሽ ፈርሚ» የሚሏትን ግን አትስማ። አሠራሩ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። ተማሪው የምግብና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ የተወሰነ ድርሻ። ከባዱ ምግቡ ነው። በእኛ ጊዜ የቀኑ ሒሳብ 15 ብር ነበር። ለ10 ወር ብታሰሊው 4,500 ብር ነው። በኋላ 22 ብር ሆነ፣ አሁን ደግሞ 100 ብር ገብቷል። በዚህ ሒሳብ የ10 ወር ምግብ 30,000 ብር ይመጣል። በአራት ዓመት 120,000። ሳህኑ ላይ ያለው ወጥ ስለተሻሻለ ደስ ይለኛል፤ ተርበን የተማርን ነን። ግን ልጅቷ ቁጥሩን አውቃ ትፈርም።

አሁን ወደ ብሩ ጥያቄ። ብዙ ተማሪ ኖን ካፌ ሲባል፣ ማለትም በግቢው ካፌ መብላት ትቶ የምግቡን በብር ሲወስድ፣ በነፃ ገንዘብ የሚያገኝ ይመስለዋል። በብርም ወሰደችው በሳህን፣ ዕዳው ያው ነው። እኔ ሁለተኛ ዓመት ላይ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ቤት ተከራይቼ ወጣሁ። በወር 450 ብር ነው የሚሰጠን፣ እሱም ቀኑን ጠብቆ አይመጣም። ወሩ ሳይጋመስ ዘይቱ ያልቃል፣ ሽሮ በውኃ ብቻ እንሠራለን። እህትሽ ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ የምትጠጋበት ዘመድ ቤት ከሌላት በስተቀር ካፌ ትብላ። በተለይ የመጀመሪያውን ዓመት።

ከግቢ ወጥታ ከተከራየች ደግሞ ይህን አደራ። ፎርሙ ላይ ምግብና መኝታ ለየብቻ ነው የሚመረጡት። እኔ ምግቡን በብር አልኩና መኝታውን እንዳለ ተውኩት። ውጭ እየተከራየሁ የማልተኛበት ዶርም ዕዳዬ ላይ ተጻፈ። ያየሁት ከተመረቅኩ በኋላ ነው። ፊርማዬ አለበት፤ ከፈልኩ።

ውሉ በየዓመቱ ነው የሚሞላው። በየዓመቱ ኮፒውን ትያዝ፣ በስልኳም ፎቶ ታንሳው። ይህን አጥብቄ የምልሽ ምክንያት አለኝ። ስመረቅ ቴምፖራሪ፣ ጊዜያዊ የዲግሪ ማስረጃ፣ ተሰጠኝ። ኦሪጅናሉ ዲግሪ የሚገኘው ዕዳው ሲያልቅ ነው። አንድ የግል ድርጅት ተቀጠርኩ፣ 4,200 ብር ደመወዝ። በየወሩ 420 ብር ለኮስት ሼሪንግ ይቆረጥብኛል። እየተከፈለ ነው ብዬ ተኛሁ። ከ14 ወር በኋላ የተሻለ ሥራ አገኘሁና ኦሪጅናል አምጣ ተባልኩ። ክፍያው የሚገባበት ገቢዎች መሥሪያ ቤት ሄጄ ሳስጠይቅ በስሜ የገባ አንድም ብር የለም። ድርጅቱ ቆርጧል፣ አላስገባም። 5,880 ብር!

ያዳነኝ ፌስታል ነው። የደመወዝ ወረቀቶቼን ሁሉ በአንድ ጥቁር ፌስታል አጠራቅሜ ነበር። የድርጅቱ ሒሳብ ሹም ፊት አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። አሥራ አራቱም ላይ 420 የሚለው ተጽፏል። ሰውየው እንደገና ቆጠራቸው፣ ከዚያ ስልክ አነሳ። ገንዘቡ ገቢ እስኪሆን ሁለት ወር ፈጀ። የሥራው ቀን ግን አለፈብኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ እህትሽ ሥራ ስትይዝ በየሦስት ወሩ ራሷ ገቢዎች ሄዳ ታረጋግጥ። አሠሪዬ ያስገባል ብላ አትቀመጥ።

ውሉ ለግል ኮሌጅም ይሠራል ወይ ብሎ ለጠየቀው ወንድም ደግሞ፣ ይህ ውል ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነው፣ እዚያ አይሠራም።

ፎርሙን ስትሞላ አጠገቧ ብትሆኚ ጥሩ ነው። የምግቡንና የመኝታውን ሣጥን ከመፈረሟ በፊት ፎቶ አንሺና እዚሁ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን። ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ እከፍታለሁ። አባታችሁም በስልክ ሊያናግሩኝ ከፈለጉ ደስ ይለኛል፤ የሐሙሲት ሰው ነው በያቸው።