ተጣጣፊ የእንጨት ምድጃ ሌሊቱን ሙሉ ያሞቃል ወይ?

ወንድማችን በጥር ወር ከሁለት ጓደኞችዎ ጋር ወደ ሰሜን ሚኒሶታ ሄደው በረዶ ላይ ሁለት ሌሊት በድንኳን ለማደር እንዳሰቡ፣ ለዚሁም ተጣጣፊ የእንጨት ምድጃ እንደገዙ ጽፈው፣ ምድጃውን አንድዳችሁ ብትተኙ እስከ ንጋት ያሞቃችሁ እንደሆነና አደጋ ይኖረው እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ በኢሊ ከተማ አካባቢ ባሉት ሐይቆች ዳር ላለፉት ስድስት ዓመታት በየበረዶው ወራት እንዲህ ባለ ምድጃ እያደርሁ ስለሆነ፣ የደረሰብኝንና የተማርሁትን ላካፍልዎ። በአጭሩ ለመመለስ፣ ምድጃው ያመሻችኋል እንጂ አያሳድራችሁም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የእነዚህ ምድጃዎች ሆድ ጠባብ በመሆኑ ክንድ የማያህሉ ጥቂት ፍልጦች ብቻ ይይዛል፤ ያም ቢበዛ ሁለት ሰዓት ያህል ቢነድ ነው። ብረቱ ስስ ስለሆነ እንደ ቤት ምድጃ ሙቀት አያቆይም፣ የድንኳኑም ሸራ ሙቀት አይዝም፤ እሳቱ ከከሰመ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ውስጡ እንደ ውጭው ይሆናል። በመጀመሪያው ዓመት ይህን ባለማወቄ፣ ምድጃውን ተማምኜ ስስ ስሊፒንግ ባግ (ውስጡ ገብተው የሚተኙበት ከረጢት) ይዤ ሄድሁ። ሌሊቱ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበርና በየሰዓቱ እየተነሣሁ፣ በቆፈነ ጣቴ ክብሪት መጫር አቅቶኝ፣ እንቅልፍ ሳያሸልበኝ ነጋ።

ያን ሌሊት ያሠቃየኝ ብርድ በዋናነት ከላይ የመጣ አልነበረም፤ ከሥር ነበር። ሰው ሲተኛ ከጀርባው ሥር ያለው የስሊፒንግ ባግ መሙያ በክብደቱ ስለሚታመቅ ሙቀት የሚይዘው አየር ይወጣል፣ በረዶውም የገላን ሙቀት ያለማቋረጥ ይስባል። ስለዚህ ገንዘብዎን ከምድጃው ይልቅ በምንጣፍ ላይ ቢያውሉት እመርጣለሁ። እኔ ከታች የማይነፋ ስፖንጅ፣ ከላዩ ደግሞ የሚነፋ ፍራሽ እደርባለሁ፤ የሁለቱ አር ቫልዩ የሚባለው ብርድን የመከላከል መለኪያ ሲደመር ከ6 በታች እንዲሆን አልፈቅድም። ስሊፒንግ ባጉን ሲመርጡም በላዩ የተጻፈውን ቁጥር በጥንቃቄ ያንብቡ፤ አሜሪካ ውስጥ «ዜሮ ዲግሪ» የሚባለው በፋረንሃይት ስለሆነ ከዜሮ በታች 18 ሴንቲግሬድ ማለት ነው፣ ደግሞም «ኮምፈርት» የሚለው ቁጥር ተመችቶዎት የሚተኙበት ሲሆን «ሊሚት» የሚለው ግን ተኮራምተው የሚያነጉበት ነው።

ታዲያ ምድጃው ምን ይሠራል ካሉኝ፣ ምሽቱን ሰው የሚያደርገን እሱ ነው። እራት ይበስልበታል፣ እርጥብ ካልሲና ጓንት ይደርቅበታል፣ ከመኝታ በፊት ልብስ ሙሉ በሙሉ የሚቀየረውም በእሱ ሙቀት ነው። በላብ የራሰውን ሸሚዝ ለብሶ መተኛት ትልቅ ስሕተት ነው። ጋቢ በጣም እወዳለሁ፣ ምድጃ ዳር ስቀመጥም ትከሻዬ ላይ አለ፤ ነገር ግን ጥጥ ስለሆነ እርጥበት ሲይዝ ይበርዳል፣ ስለዚህ ገላ ላይ የሚያርፈው ልብስ ሱፍ ይሁን። የመንዝ ሰው በዚያ ውርጭ ከበግ ፀጉር የተሠራ ባና የሚደርበው በምክንያት ነው። በመጨረሻ፣ ልንተኛ ስንል ውኃ አፍልቼ ክዳኑ በማያፈስ ጠንካራ ጠርሙስ እሞላና በወፍራም ካልሲ አድርጌ ወደ ስሊፒንግ ባጉ አስገባዋለሁ። ጭኔ መካከል አድርጌው ስተኛ ሙቀቱ ለብዙ ሰዓት ይቆያል፤ ጠዋትም ያልቀዘቀዘ፣ ለቡና የሚሆን ውኃ አገኛለሁ።

ወደ አደጋው ልምጣ። በአገራችን በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አንድዶ መተኛት ስንቱን ቤተሰብ እንዳጠፋ ሁላችንም እናውቃለን። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ እሳቱ በቂ አየር ሲያጣ ደግሞ ይበዛል። ብዙ ሰው እሳቱ እንዲቆይለት የምድጃውን የአየር መግቢያ ዘግቶ ይተኛል፤ እኔም በሁለተኛው ዓመት ያደረግሁት ይህንኑ ነው። እንጨቱም በደንብ አልደረቀም ነበር። እኩለ ሌሊት ካለፈ ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ይህ ጋዝ ሲኖር የሚጮኸው መጠቆሚያ ጮኾ ቀሰቀሰኝ፤ በባትሪ ሳበራ ጭሱ በምድጃው በር ዙሪያ ቀስ እያለ ይወጣል። ጓደኛዬን ጎትቼ አወጣሁት። ሲነጋ የጭስ ማውጫውን አውርደን ስናይ፣ ጫፉ ላይ ያለው የፍንጣሪ መከላከያ ወንፊት እንደ ሬንጅ በሚያጣብቅ ጥቁር ጥላሸት ተደፍኗል። ወንፊቱ የተደፈነው ከእርጥብ እንጨትና ከታፈነ እሳት የተነሣ ነው። ያ መጠቆሚያ ባይኖር ኖሮ ይህን ባልጻፍሁልዎ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እሳት ትቼ አልተኛም፤ ፍሙ እስኪከስም ጠብቄ ነው የምጋደመው። እሳት እያለ አንድ ሰው ነቅቶ ይቆያል፣ የድንኳኑ በር ከታች አንድ ስንዝር፣ ከላይ ያለው መተንፈሻም ሙሉ በሙሉ ክፍት ይሆናል፣ ወንፊቱም በየጠዋቱ ይጠረጋል። መጠቆሚያው ለቤት የተሠራ ከሆነ በከባድ ብርድ በትክክል ላይሠራ ስለሚችል መመሪያውን ያንብቡ፣ ባትሪውንም ቀን ቀን ከኪስዎ አያውጡት።

እንጨትን በተመለከተ፣ ከመንትዮቹ ከተሞች (ከሚኒያፖሊስና ከሴንት ፖል) ጭነው አይሂዱ። እ.ኤ.አ. በ2009 ሴንት ፖል ላይ የተገኘው የአሽ ዛፍ አጥፊ ጥንዚዛ የሚዛመተው በማገዶ ጭምር ስለሆነ፣ እዚያው አካባቢ የሚሸጠውን ይግዙ። ሁለት ፍልጥ ሲያጋጩ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደርቋል፣ ድፍን ድምፅ ከሰጠ ግን ሙቀቱ ውኃውን በማትነን ያልቃል። ለማቀጣጠያ የበርች ዛፍ ቅርፊት የሚተካከለው የለም፣ እርጥብ ሆኖ እንኳ ይያዛል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ይበቃል ካሉት እጥፍ ፈልጣችሁ ድንኳኑ ውስጥ ደርድሩ፤ ነገር ግን ከምድጃው አርቁት።

ምድጃውን በቀጥታ በረዶ ላይ አታስቀምጡ፤ በረዶው ሲቀልጥ ምድጃው ይዘምማል፣ የጭስ ማውጫውም ይነቀላል። እኔ ሁለት ወፍራም ግንድ አጋድሜ በላያቸው አስቀምጠዋለሁ። አዲስ ስለሆነም መጀመሪያ ጓሮዎ ውስጥ፣ ያለ ድንኳን፣ አንድ ሁለት ሰዓት በኃይል ያንድዱት፤ የፋብሪካው ዘይት የሚያወጣው ጭስ ሲያልቅ፣ አንድ ጉርሻ እንጨት ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ በሰዓት ይለኩና የማገዶውን ብዛት በዚያ ያስሉ።